ለሀገረ ስብከቱ የበጎ አድራጎት ጥሪ «አትስጡ» ላለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በካቶሊክ ምእመናን ዘንድ በሰፊው የተሰራጨ አንድ ጽሑፍ አለ። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ሀገረ ስብከቱ በየዓመቱ ለሚያቀርበው የበጎ አድራጎት ጥሪ አትስጡ፤ መስጠት ከፈለጋችሁ ለድኻው በእጃችሁ ስጡ። ጸሐፊው ለድኻ የሚቆረቆር ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ያነሳቸው ጥያቄዎችም ብዙ ምእመን ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ቆሞ የሚያወራቸው ስለሆኑ ንቆ ማለፍ አይገባም። መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። ሰሚ ካገኘ የሚጎዳውም ጸሐፊው ሊጠብቀው የፈለገው ድኻ ራሱ ነው።

ክርክሩ ሰባት ነጥቦች አሉት። ጥሪው በስም ልመና ይባል እንጂ በተግባር ግብር ነው፤ ገንዘቡን አስተዳደሩ ይበላዋል፤ ወንጌል የሚያዝዘው በቀጥታ የሚሰጥ ምጽዋትን ነው፤ ጥሪው ቁምስናን (የአካባቢውን የምእመናን ማኅበርና ቤተ ክርስቲያኑን) ያራቁታል፤ አነስተኛ ስጦታ ለውጥ አያመጣም፤ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች እምነት ስላጎደሉ እስኪታረሙ ድረስ ኪስን መዝጋት ተገቢ ነው፤ በመጨረሻም በዓመቱ ምን ያህል እንደሚሰጡ የሚገልጸውን የቃል መግቢያ ቅጽ መፈረም ሕሊናን ዕዳ ውስጥ መክተት ነው። በተራ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው የአንቀጽ ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና ናቸው፤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በ1990 የወጣ የራሳቸው ሕገ ቀኖና አላቸው።

«በስሙ ልመና፣ በተግባሩ ግብር ነው»

ማስረጃው ለእያንዳንዱ ቁምስና የገንዘብ ግብ መመደቡ ነው። በብዙ ሀገረ ስብከቶች ግብ እንደሚመደብ እውነት ነው። ሕጉ ግን ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያስቀምጣል። አንቀጽ 1263 ጳጳሱ የገንዘብ ጉዳዮች ምክር ቤቱንና የካህናት ምክር ቤቱን ከሰማ በኋላ በሥሩ ባሉ ሕጋዊ ሰውነት ባላቸው ተቋማት ላይ፣ ለምሳሌ በቁምስናዎች ላይ፣ ከገቢያቸው ጋር የተመጣጠነ መጠነኛ ግብር እንዲጥል ይፈቅዳል። በግለሰብ ምእመን ላይ ግን እንዲህ ያለ መደበኛ ግብር መጣል አይችልም፤ ከባድ ችግር ሲያጋጥም ብቻ ልዩና መጠነኛ መዋጮ ሊጠይቅ ይችላል። ከእርሱ በፊት ያለው አንቀጽ 1262 የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው፦ ምእመናን ሲጠየቁ፣ የጳጳሳት ጉባኤ ባወጣው ደንብ መሠረት፣ በስጦታቸው ቤተ ክርስቲያንን ይደግፉ ይላል። ዓመታዊው ጥሪ የሚገባው በዚህኛው ሥር ነው።

ግቡ የእቅድ ቁጥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ከቁምስናው መደበኛ ገቢና ከተመዘገቡት ቤተሰቦች ብዛት ተነሥቶ ነው። ስሌቱ የሚበላሽበት ቦታም ይታወቃል። በአንድ ዓመት አንድ ምእመን በኑዛዜ ያወረሰው ትልቅ ገንዘብ ወይም የመሬት ሽያጭ ከሰንበት መባ ጋር ተደምሮ እንደ መደበኛ ገቢ ከተመዘገበ፣ የሚቀጥለው ዓመት ግብ ያለ ምክንያት ይዘልላል። መድኃኒቱ ቆሞሱ (ቁምስናውን የሚመራው ካህን) ወይም የቁምስናው የገንዘብ ምክር ቤት ግቡ ከመጽደቁ በፊት ያንን ገቢ ለይቶ በደብዳቤ ማሳወቅ ነው። የሦስት ዓመት አማካይ የሚወስድ ሀገረ ስብከት ደግሞ ከዚህ ችግር በአብዛኛው ይድናል።

አንድ ነገር ለጸሐፊው እሰጠዋለሁ። ግቡ ሳይሞላ ሲቀር ጉድለቱን ከቁምስናው ሒሳብ የሚቆርጥ ሀገረ ስብከት ካለ፣ ያ የተቆረጠው ገንዘብ ከስጦታ ይልቅ ወደ ግብር ያደላል፤ በአንቀጽ 1263 ሥርዓት ሊመራና በስሙ ሊጠራ ይገባል። ያም ሆኖ በግልዎ ማንም ደረሰኝ ቆርጦ ሊያስከፍልዎ አይችልም። ጳውሎስም «እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፤ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ያለው ለተመሳሳይ ጥሪ ነው (2ቆሮ 9፥7)።

«ገንዘቡን አስተዳደሩ ይበላዋል»

ይህ ነጥብ ሰፊ መልስ ይፈልጋል፤ ግማሹ ትክክል ነው፣ ግማሹ ደግሞ የሒሳብ ሪፖርትን አነባበብ ካለማወቅ የመጣ ነው።

ጸሐፊው በሪፖርቱ ላይ «ደመወዝ» የሚለውን መደብ አይቶ ሙሉውን የአስተዳደር ወጪ አድርጎ ቆጥሮታል። አንድ ሀገረ ስብከት ለተጎዱ ቤተሰቦች የምክር አገልግሎት ይሰጣል እንበል። የአገልግሎቱ ወጪ ከሞላ ጎደል በሙሉ የአማካሪዋ ደመወዝ ነው፤ እርሷ ከሌለች አገልግሎቱ የለም። የአልጋ ቁራኞችን በየቤታቸው የምትጎበኝ ነርስ ደመወዝና እስረኞችን የሚጎበኘው ካህን የመጓጓዣ ወጪ ለተረጂው የደረሰ ገንዘብ ናቸው። አስተዳደር የሚባለው የሒሳብ ሹሙ፣ የኦዲቱ፣ የመድኑና የቢሮው ወጪ ነው። ሦስተኛው መደብ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ወጪ ሲሆን የቅጽ ኅትመት፣ ፖስታና የባንክ ኮሚሽን እዚያ ይገባሉ። ስለዚህ ሪፖርት ሲነበብ ደመወዝ ምን ያህል ነው ከማለት በፊት፣ ይህ ሠራተኛ በየትኛው መደብ ሥር ተመዘገበ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ማጭበርበር ሊገባ የሚችለው በጋራ ወጪዎች ላይ ነው። አንድ ሕንጻ የጳጳሱ ጽሕፈት ቤትንም የእርዳታ ክፍሉንም ይዞ ከሆነ ኪራዩና መብራቱ በሆነ መለኪያ መከፈል አለበት፤ በካሬ ሜትር ወይም በሠራተኛ የሥራ ሰዓት። ሰዓቱ በየሳምንቱ ሳይመዘገብ ቆይቶ በዓመቱ መጨረሻ በግምት «ግማሹ የእርዳታ ይሁን» ከተባለ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ነው፦ የጋራ ወጪው በምን መለኪያ ተከፈለ? መልሱ በሪፖርቱ ማብራሪያ ላይ ከሌለ በደብዳቤ ይጠየቅ።

የቤተ ክርስቲያን ሕግም ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በኅዳር 2012 (እ.ኤ.አ.) ስለ ፍቅር አገልግሎት ባወጡት ድንጋጌ አንቀጽ 10 ላይ፣ የበጎ አድራጎት ሠራተኞች ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ ወጪ ከሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ተመሳሳይ ወጪዎች ጋር ተመጣጣኝ እንዲሆን ጳጳሱ እንዲያረጋግጥ አዝዘዋል፤ የፍትሕና የሙያ ብቃት ግዴታ ግን ሳይጣስ።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። የአስተዳደር ወጪው ዜሮ ሊሆን ጥቂት የቀረው ድርጅት ሊያስመሰግን ሳይሆን ሊያስጠረጥር ይገባል። ገንዘብ በሥርዓት መቀበል ራሱ ወጪ አለው። የጥሪው ሰንበት ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ቢያንስ በሁለት ዝምድና በሌላቸው ሰዎች ፊት ይቆጠራል፤ በቁጥር ምልክት ባለው፣ ሲከፈት በሚያስታውቅ ከረጢት ይታሸጋል፤ የቆጠራው ቅጽ በሁለት ቅጂ ተሞልቶ አንዱ ከከረጢቱ ጋር፣ አንዱ በቁምስናው ፋይል ይቀመጣል፤ ገንዘቡ እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን ባንክ ይገባል፤ ከዚያም ቆጠራው ላይ ያልነበረ ሦስተኛ ሰው የባንኩን ደረሰኝ ከቆጠራው ቅጽ ጋር ያመሳክራል። የሚቀበለውም፣ የሚመዘግበውም፣ ባንክ የሚያስገባውም አንድ ሰው ከሆነ ወጪው በእርግጥ ይቀንሳል። ስርቆት የሚደርሰውና ለዓመታት ሳይታወቅ የሚቆየውም እንደዚሁ ባለ ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው በአንድ ጉዳይ ትክክል ነው። በአንዳንድ ሀገረ ስብከቶች «የበጎ አድራጎት ጥሪ» በሚል ስም የተሰበሰበው ገንዘብ ለድኾች ብቻ አይውልም፤ የዘርዐ ክህነት ተማሪዎች (ካህን ለመሆን የሚማሩ)፣ ጡረታ የወጡ ካህናት፣ ትምህርተ ክርስቶስና የመገናኛ ብዙኃን ሥራ ከእርሱ ይደገፋሉ። እነዚህ ተገቢ ዓላማዎች ናቸው። ሰጪው ግን ከመፈረሙ በፊት ክፍፍሉን በቅጹ ላይ ማየት አለበት። «ልዩ ልዩ ሐዋርያዊ አገልግሎቶች» የሚል አንድ ጥቅል መስመር በቂ አይደለም።

«ወንጌል የሚያዝዘው ቀጥታ ምጽዋት ነው»

ወንጌል ሁለቱንም ያውቃል። ሕጉም እንዲሁ። አንቀጽ 222 በአንደኛው ቁጥሩ ምእመናን ለአምልኮ፣ ለሐዋርያዊና ለፍቅር ሥራ፣ ለአገልጋዮችም መተዳደሪያ የሚያስፈልገውን ቤተ ክርስቲያን እንድታገኝ የመርዳት ግዴታ አለባቸው ይላል። በሁለተኛው ቁጥር ደግሞ ከራሳቸው ገቢ ድኾችን እንዲረዱ ያዝዛል። ሁለት ግዴታዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ጸሐፊው ሁለተኛውን አጥብቆ ይዞ የመጀመሪያውን ትቶታል።

«ግራህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ» (ማቴ 6፥3) የሚለው ቃል የተነገረው ለመታየት በሚሰጡ ሰዎች ላይ ነው እንጂ በጋራ ማሰባሰብን ለመከልከል አይደለም። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች ገንዘብ ያሰባሰበው በመቄዶንያ፣ በአካይያና በገላትያ ካሉ፣ ተረጂዎቹን በአካል ከማያውቁ ማኅበራት ነው። አሠራሩንም በዝርዝር አስቀምጧል፦ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ እንደ ገቢው ያስቀምጥ፤ ገንዘቡንም እናንተ የመረጣችኋቸው ሰዎች ይዘውት ይሂዱ (1ቆሮ 16፥1-4)። በ155 ገደማ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ስለ ሰንበት ጉባኤ ሲጽፍ፣ የተሰበሰበው በመሪው ዘንድ እንደሚቀመጥና እርሱም ወላጅ አልባ ልጆችን፣ መበለቶችን፣ በሽተኞችን፣ እስረኞችንና እንግዶችን እንደሚረዳበት ገልጿል። በ251 የሮማው ጳጳስ ቆርኔሌዎስ በጻፈው ደብዳቤ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ከ1,500 በላይ መበለቶችንና ችግረኞችን ትደግፍ እንደነበር ተመዝግቧል። ይህን ያህል ሰው ያለ ጋራ ገንዘብና ያለ ስም ዝርዝር መርዳት አይቻልም።

በቀጥታ መስጠት የሚደርሰው ለምናየው ሰው ነው። ለመለመን የሚያፍር፣ በሽታው ከቤት ያስቀረው፣ እስር ቤት ያለ፣ ቋንቋ የማያውቅ ስደተኛ እጃችን አይደርሰውም። ጸሐፊው ምጽዋት ከሰው ጋር መገናኘትን ይጠይቃል ሲል ግን እስማማለሁ። በነዲክቶስ 16ኛ በ2005 (እ.ኤ.አ.) «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» በሚለው መልእክታቸው (ቁ. 34) ይህንኑ ብለዋል፦ ስጦታው ሰውን እንዳያዋርድ ሰጪው ራሱም በስጦታው ውስጥ መገኘት አለበት። ስለዚህ ቅጹን የሞላ ሰው የታመመ ጎረቤቱን ከመጠየቅ ነጻ አልወጣም።

«ቁምስናችንን ያራቁታል»

ይህ ስጋት ባዶ አይደለም፤ ምንጩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጊዜ አመራረጥ ነው። ጥሪው ከቁምስናው የግንባታ መዋጮ ጋር በአንድ ወር ሲገጣጠም ምእመኑ ሁለቱንም ይቀንሳል። ቆሞሱ ይህን አስቀድሞ አይቶ የጥሪው ቀን እንዲለወጥለት ወይም ግቡ እንዲቀነስለት በጊዜ መጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው ጉዳት ምእመኑ የሰንበት መባውን ወደ ጥሪው ሲያዛውር ነው። ስለዚህ ከመንበረ ቅዳሴው በግልጽ መነገር አለበት፦ ጥሪው ከመባው በላይ የሚሰጥ ነው፤ ለሁለቱም የማይበቃ ሰው መባውን አይንካ።

ከግቡ በላይ የተሰበሰበውን ለቁምስናው የሚመልሱ ሀገረ ስብከቶች አሉ። ግቡ 120,000 ሆኖ 150,000 ቢገባ፣ ትርፉ 30,000 ለቁምስናው ይመለሳል። የተመለሰው ገንዘብ ለምን እንደሚውል ጥሪው ሳይጀመር ለምእመናን ከተነገረ ሰዎች ይተጋሉ። ጸሐፊው ይህን አሠራር ጨርሶ አላነሳውም። ሀብታሙ ቁምስና ለድኻው ቁምስና መትረፉ ደግሞ ጥፋት አይደለም፤ ጳውሎስ «የእናንተ ትርፍ የእነርሱን ጉድለት ይሙላ» ያለው ይህንኑ ነው (2ቆሮ 8፥14)።

«የኔ ትንሽ ስጦታ ምን ይለውጣል?»

በዚያው ምሳሌ እንቀጥል። ቁምስናው 400 ቤተሰብ ቢኖረው ለ120,000 ግብ የአንድ ቤተሰብ ድርሻ 300 ነው፤ በ10 ወር ሲከፈል በወር 30። የሚሰጡት 160 ቤተሰቦች ብቻ ቢሆኑ ግን ድርሻው 750 ይደርሳል። ከእነርሱም ጥቂቶቹ ሲሞቱ ወይም ሲዛወሩ ጥሪው ይወድቃል። ስለዚህ ጥሪውን የሚያቆመው የሰጪው ብዛት ነው፤ በወር 10 የሚሰጥ ቤተሰብም ይቆጠራል። ጽሑፉ በዚህ ነጥብ ላይ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ሐሳብም ጨምሯል። መንግሥት ድርሻ አለው። ነገር ግን የፍቅር አገልግሎት ቃሉን ከመስበክና ምሥጢራትን ከማደል ጋር የቤተ ክርስቲያን ባሕርይ አካል ነው፤ ለሌላ አሳልፋ የምትሰጠው ሥራ አይደለም (ከላይ የጠቀስኩት መልእክት፣ ቁ. 25)።

«እስኪታረሙ ድረስ ኪስህን ዝጋ»

ከሰባቱ ይበልጥ ክብደት ያለው ይህ ነው። የደረሰው ጥፋት እውነት ነው፤ በገንዘብም፣ ከገንዘብ እጅግ በከፋ ነገርም ብዙ ሰው ተጎድቷል። የተጎዳን ሰው «ዝም ብለህ ስጥ» ማለት ተገቢ አይደለም፤ እኔም አልልም። ጥያቄው ኪስ መዝጋቱ የታሰበውን ያደርጋል ወይ ነው። ጥሪው ሲጎድል መጀመሪያ የሚቆረጠው የጳጳሱ ጽሕፈት ቤት በጀት አይደለም፤ ከጥሪው ብቻ የሚተዳደረው አገልግሎት ነው። ቅጣቱ የሚያርፈው የእርዳታ መስጫው በር ላይ በቆመችው እናት ላይ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተሻለ መንገድ ያሳያል። በዕለታዊው እደላ ግሪክኛ ተናጋሪ መበለቶች ስለተዘነጉ ማጉረምረም ተነሣ። ቅሬታው ትክክል ነበር። ማኅበሩ ግን መስጠቱን አላቆመም፤ መልካም ስም ያላቸው ሰባት ሰዎች መርጦ እደላውን በእጃቸው አደረገ። ጳውሎስም ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ከቲቶ ጋር ላከ፣ «ማንም እንዳይነቅፈን» ሲል (2ቆሮ 8፥18-21)።

ዛሬም ምእመኑ የሚይዘው መሣሪያ አለው። አንቀጽ 1267 ቁ. 3 ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ ለዚያ ዓላማ ብቻ ይዋል ይላል። የዚያው አንቀጽ ቁ. 1 ግን ብዙ ሰው የማያውቀውን ይጨምራል፦ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር፣ ለኃላፊ የተሰጠ ስጦታ ለተቋሙ ራሱ እንደተሰጠ ይቆጠራል። ስለዚህ ዓላማውን በቃል መናገር አይበቃም። በቅጹ ላይ ወይም በባንክ ማስተላለፊያው ምክንያት ቦታ ላይ «ለእስረኞች አገልግሎት ብቻ» ብለው ይጻፉ፤ የቅጹን ቅጂ ያስቀሩ፤ ዓላማው የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ። ዓላማው ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ እጅግ የጠበበ ከሆነ ገንዘቡ ሥራ ሳይሠራ ሊቀመጥ ይችላል።

ከዚያም መጠየቅ ነው። አስተዳዳሪዎች ምእመናን ስለሰጡት ሀብት ለምእመናን ሒሳብ እንዲያቀርቡ አንቀጽ 1287 ቁ. 2 ያዝዛል። በየሀገረ ስብከቱ ሊኖር የሚገባው የገንዘብ ጉዳዮች ምክር ቤት በገንዘብና በፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያውቁ ቢያንስ ሦስት አባላት ይኖሩታል፤ የጳጳሱ ዘመዶች እስከ አራተኛ ደረጃ ድረስ ሊገቡበት አይችሉም (አንቀጽ 492)። በታኅሣሥ 2021 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ በዋለው የቅጣት ሕግ ማሻሻያ፣ አንቀጽ 1376 የቤተ ክርስቲያንን ሀብት መስረቅንም በአስተዳደሩ ከባድ ቸልተኝነት ማሳየትንም ያስቀጣል። ሐሳብን ለእረኞች መግለጽ ደግሞ መብት፣ አንዳንዴም ግዴታ ነው (አንቀጽ 212 ቁ. 3)። ሀገረ ስብከቱን የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ የጥሪው ገንዘብ የራሱ የባንክ ሒሳብ አለው? በውጭ ኦዲተር ይመረመራል? ሪፖርቱስ የት ይገኛል? ሦስቱንም ጠይቀው መልስ ያጡ ምእመናን በዚያ ዓመት ስጦታቸውን በቀጥታ ለአንድ የቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ተቋም ቢሰጡ አልወቅሳቸውም። ጽሑፉ ግን ሳይጠይቁ እንዲዘጉ ነው የሚመክረው።

«ቃል አትግባ፤ ዕዳ ነው»

ቅጹ ስእለት አይደለም። ስእለት ለእግዚአብሔር የሚገባ ቃል ነው (አንቀጽ 1191)፤ ይህ ግን ለሀገረ ስብከቱ የሚሰጥ የእቅድ ማሳወቂያ ነው፤ ሁኔታ ሲለወጥ ይለወጣል። ይህም በቅጹ ግርጌ በግልጽ ቢጻፍ መልካም ነው፤ ብዙ ሰው እንዳይፈርም የሚያደርገው ይኸው ፍርሃት ነውና። ቃል የሚያስፈልገው አገልግሎቶቹ በጀታቸውን ዓመቱ ሳይጀመር ስለሚሠሩ ነው።

ቃል ከተገባው ሁሉ እንደማይከፈል መታወቅ አለበት። ካለፉት ዓመታት ከ100 ውስጥ 85 ብቻ የገባ ከሆነ በጀቱ በ85 ይሠራ። ጉድለቱ በአብዛኛው ከክፋት አይመጣም፤ የባንክ ካርድ ጊዜው ያልፍበታል፣ ሰው አድራሻ ይለውጣል፣ አስታዋሽ ደብዳቤ አይደርሰውም። የመጀመሪያውን ክፍያ ከቅጹ ጋር መቀበልና በየሦስት ወሩ የተከፈለውንና የቀረውን የሚያሳይ አጭር መግለጫ መላክ ብዙውን ያድናል። አቅሙ የተለወጠ ሰው ወደ ጥሪው ጽሕፈት ቤት አንድ ጊዜ ደውሎ መጠኑን ማስቀነስ ወይም ማሰረዝ ይችላል፤ ምክንያቱን እንዲያስረዳ አይገደድም። ቃል የገባ ምእመን ሲሞት ደግሞ የቁምስናው ጸሐፊ የቀብር መዝገቡን በሞላበት ሳምንት ስሙን ለጽሕፈት ቤቱ ያስተላልፍ፤ አለበለዚያ አስታዋሽ ደብዳቤው በሟቹ ስም ለባለቤቱ መድረሱን ይቀጥላል።